ከእኔ በኋላ ግብሩን የምትከፍለው

ጅማ፣ ሄርማታ
ነሐሴ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይህን ደብዳቤ የምትጽፈው እናትሽ ዘይቡ ናት። እጁ የእሷ ነው፣ ቃሉ የእኔ የአባትሽ የሱሌይማን ነው። ፊደሉ ከተንጋደደ እሷን ውቀሺ፣ ነገሩ ከተንጋደደ እኔን። እሷ መሠረተ ትምህርት ገብታ የምስክር ወረቀት ስትቀበል እኔ "በስልሳ ዓመቴ ከልጆች ጋር ሀ ሁ ብዬ አልጮህም" ብዬ ቀረሁ። ዛሬ ይኸው በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀምጬ እለምናታለሁ። አንዳንዱን በኦሮምኛ እላታለሁ፣ እሷ በአማርኛ ታደርገዋለች። በትክክል ታድርገው አታድርገው አላህ ይወቅ።

ልጄ ኩልሱም፣ ኢንተላ ኮ፣ አሰላሙ ዓለይኪ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አረፋ ከዋለ ሦስት ቀኑ ነው። ጉልበቴ ክረምቱን አልወደደውም እንጂ መጋዙን አሁንም እስባለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ለአንድ የቡና ነጋዴ ባለ ሁለት ተከፋች በር ሠርቼ አስረክቤያለሁ። እናትሽ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ናት።

ከታሽከንት የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶናል። በረዶ ላይ ቆመሽ ትስቂያለሽ። በረዶ ላይ የሚያስቅ ምን አለ? የአገሩ ሰው እስላም ነው ብለሽ ጽፈሻል፤ ታዲያ አዛን ይሰማል? ቤታቸው የራሳቸው ነው ወይስ የመንግሥት? የቤት ግብር ይከፍላሉ? በራቸውን ከምን እንጨት ይሠራሉ? "ሁሉም ደህና ነው" ብለሽ አትለፊኝ፤ አንድ በአንድ ጻፊልኝ። ሕክምና የምትማር ልጅ አንድ በር አይታ እንጨቱን መለየት አያቅታትም።

እዚህ ዘንድሮ ወሬው ሁሉ ሕገ መንግሥት ነው። ረቂቅ የሚሉት ትንሽ መጽሐፍ መጣ። በየእሑዱ የቀበሌው አዳራሽ እንሰበሰብና አንቀጽ በአንቀጽ ይነበብልናል። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። መጀመሪያ የሄድኩት ስሜ እንዳይያዝ ነው፣ አልዋሽሽም። ከሁለተኛው እሑድ ወዲህ ግን ማንም ሳያስገድደኝ ቀድሜ የምደርስ ሆንኩ። ሰው በስልሳ ስምንት ዓመቱ አገሩ እንዴት እንደምትተዳደር ከላይ እስከ ታች ሲነበብለት ደስ ይላል። የገባኝን እይዛለሁ፣ ያልገባኝን እጠይቃለሁ። አግዳሚዎቹን ሁሉ የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱን ሄርማታ የሰማው በእኔ እንጨት ላይ ተቀምጦ ነው።

የሚያነብልን ጓድ ወልደሰማያት የሚባል መምህር ነው። ከሰሜን ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ልበ ቅን ሰው ነው፣ ግን ኦሮምኛው "አከም" ብሎ ሰላም ከማለት አላለፈም። ስለ ጋብቻ ያነበበ ዕለት አንድ ባል አንድ ሚስት የሚል ነገር ተነስቶ ሽማግሌው ሁሉ ባንድ ላይ ጮኸ። እኔ አልጮህኩም። እናትሽ አንድ ሆና አራት ታክላለች፤ ሌላ ማምጣት ምን ያደርግልኛል?

ሐምሌ ሃያ እሑድ ስለ ልጆች ተነበበ። ቃሉን በትክክል አልያዝኩትም፤ ልጅ መብት አለው፣ በማናቸውም መንገድ ቢወለድ ከሌላው ልጅ አያንስም የሚል ነበር። እኔ ተነሳሁ።

"ጓድ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ" አልኩ። "ይህ ሕግ ልጅ ሲል የማንን ልጅ ነው?"

"አባባ፣ የተወለደ ሁሉ ልጅ ነው" አለኝ።

"የተወለደማ ሁላችንም ተወልደናል። አንድ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገረው ማን ነው ነው ያልኩት። ወላጁ ነው? ጎረቤቱ ነው? ቀበሌው ነው?"

ሰው ሳቀ። ወልደሰማያት ግን አልሳቀም፤ መጽሐፉን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ገለጠ። ከዚያ ፊቱ በራ። "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ። "በዚህ አገር ጉዲፈቻ የሚባል የቆየ ልማድ እንዳለ ተነግሮኛል። ሌላ ሰው የወለደውን ወስዶ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ ነው አይደል? ይህ ለአዲስ አበባ የሚላክ ትልቅ አስተያየት ነው። እስቲ፣ ልጅ በጉዲፈቻ ያሳደጋችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እንቁጠር።"

አንቺ የዚህ አገር ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። ልጅ ለአንድ ቤት ከተሰጠ በኋላ ያ ነገር ካፍ አይወጣም። ልጁ የዚያ ቤት ልጅ ነው፣ አለቀ። አባት በቁጣው፣ ጎረቤት በጥሉ እንኳ አያነሳውም። ያነሳ ሰው ሰላምታ ይነፈገዋል። ይኸው መምህር ደግሞ በመቶ ሃምሳ ሰው ፊት እጃችሁን አውጡ ይለናል!

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ከተቀመጡት ውስጥ ማን ማንን እንዳሳደገ እኔ ከነስሙ መጥራት እችላለሁ፤ ሁሉም ይችላል። አንድ እጅ አልወጣም። ከፊቴ ጆሮውን ሊያክ የጀመረ ሰው ነበር፣ እሱም ደንግጦ እጁን ጭኑ ላይ መለሰ። ሴቶቹ ዘንድ አንዷ በሻሿ አፏን ይዛ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች።

"ማንም የለም?" አለ ወልደሰማያት፤ አዘነ መሰለኝ። "እንግዲህ ፈይሳ፣ ጻፍ። በቀበሌው ውስጥ ጉዲፈቻ አለመኖሩ በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል።"

ፈይሳ የቀበሌው ጸሐፊ ነው፤ የወለጋ ልጅ ነው፣ ነገሩን ከእኛ እኩል ያውቀዋል። አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ስንወጣ ሁላችንም ፈረምን፤ እኔ በአውራ ጣቴ።

እኔም እጄን አላወጣሁም። ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ሆኜ እጄን ከጉልበቴ ሥር ይዤ ተቀመጥኩ። ትክክል ነው ያደረግኩት፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ አላወጣም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሸንጎ የሚባል ተቋቁሞ ሕጉ እንደገና ሲታይ፣ እዚያ የሚቀመጡት ሰዎች ከጅማ የመጣውን ወረቀት አንብበው "እዚያ እንዲህ ያለ ልጅ የለም" ይላሉ። የለም የተባለ ልጅ ደግሞ መብቱ የት ይጻፋል? ዝም ማለታችን ያስከብራቸዋል ወይስ ያስረሳቸዋል? ይህን ሼሁንም ጠይቄ አልረካሁም። ለማወቅ ያህል ነው የምጠይቅሽ፦ በዚያ አገር ሰው ሌላ የወለደውን ሲያሳድግ መዝገብ ላይ ምን ይጽፋሉ? ልጁ ሲያድግ ይነግሩታል? የተነገረው ልጅስ ምን ይላል? ይናደዳል? ይስቃል? ከትምህርትሽ ጋር ካልተገናኘ ተዪው።

ከዚያ ደግሞ ግብሩ መጣ። የቤት ግብር በአዲስ ግምት ይከፈላል ተባለና ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ።

"ስንት ክፍል ነው?"

"ሦስት።"

"በረንዳውስ?"

"በረንዳ ክፍል ነው እንዴ? ግድግዳ የለው፣ በር የለው። ዝናብ የሚገባበትን ክፍል ካላችሁ ጎዳናውንም ጻፉብኝ።"

አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ጻፈ። እኔ በክንዴ የለካሁትና እነሱ በሜትር የለኩት በአንድ ስንዝር ተለያየ። ትክክሉ የእኔ ነው፤ የእነሱ ሜትር ጫፉ ተቀዶ በክር የተሰፋ ነው።

በሳምንቱ ቅጹን ላስሞላ ቀበሌ ሄድኩ። ፈይሳ ያነብልኛል፣ እኔ እመልሳለሁ። የባለቤቱ ስም፣ የሚስት ስም፣ የቆርቆሮው ዕድሜ። መጨረሻ ላይ "ከባለቤቱ በኋላ ግብሩን የሚከፍል" የሚል መጣ። ሳቄ መጣ። ስንት ነገር ሲወረስ አይቻለሁ፣ ግብር ሲወረስ ግን ገና ማየቴ ነው። ሳልሞት ማን እንደሚከፍልልኝ የሚጠይቅ መንግሥት... እናትሽ እዚህ ላይ ብዕሩን አነሳችብኝ። ደብዳቤ መንገድ ላይ ይከፈታል ትላለች። ይከፈት! ስለ ራሴ ቤት ነው የማወራው።

"ኩልሱም ሱሌይማን ብለህ ጻፍ" አልኩት። ስምሽን ጽፎ ሳይጨርስ ሙሐመድሳኒ ገባ።

የወንድሜን የነፍስ ይማሩን ልጅ አትረሺውም፣ በቾ ቦሬ ገበያ እህል የሚሸጠውን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰባት ልጅ ይዞ በሁለት ክፍል ይኖራል። ችግር ላስጨነቀው ሰው የሌላው ግድግዳ ሰፊ ይመስለዋል።

"ቆይ ፈይሳ" አለ። "አጎቴ፣ አይቆጡኝ። ከአባቴ ወዲህ ከእርስዎ በላይ ሰው የለኝም። ግን ነገር በጊዜው ቢነገር ይሻላል። እዚህ ቦታ ላይ የሚጻፈው የእኔ ስም ነው። ግብሩን የሚከፍል ቤቱን ይይዛል፤ ተራው የእኔ ነው።"

"ወረፋ ያስያዝኩህ መቼ ነው?" አልኩት።

"አጎቴ፣ አገር ሁሉ የሚያውቀውን..." አለና ያን ነገር ተናገረ።

ምን እንዳለ አልነግርሽም፣ እናትሽም አትጽፈውም። እኔና እሷ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የተስማማንበት ነው። እጄ ላይ መሮ ቢኖር ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አላህ ጠበቀኝ፤ እጄ ላይ የነበረው ለቅጹ ልሰጥ የያዝኩት የአንቺ ፎቶግራፍ ነው።

ፈይሳ ብዕሩን አስቀመጠ። "ጓድ ሙሐመድሳኒ፣ ሐምሌ ሃያ ስብሰባ ላይ ነበርክ?"

"ነበርኩ።"

"'ጉዲፈቻ የለም' ሲባል ተቃውመሃል?"

ሙሐመድሳኒ ወደ በሩ ዞሮ አየ።

ፈይሳ ከመሳቢያው ቃለ ጉባኤውን አወጣ። "ይኸው። 'አለመኖሩ በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል።' ማኅተም አለው፣ ወደ ላይ ተልኳል። ከታች አራተኛው መስመር ላይ ያለው ፊርማ ያንተ ነው። እኔ በዚህ ቀበሌ የለም የተባለውን ነገር በየትኛው ቅጽ ላይ ልጻፍልህ?"

ሳቄን ልደብቅ ጢሜን ያዝኩ። ያ መምህር ሳያውቅ ምን እንደሠራልን አየሽ?

ሙሐመድሳኒ ግን የአባቱ ልጅ ነው፣ ቶሎ አይለቅም። "ቅጹ ምስክር ይጠይቃል" አለ። "ምስክር ይምጣ። እኔ የፊርማ ምስክር አልፈልግም፤ ወላሂ ብሎ ልጅቷ የእሱ ናት የሚል ሰው ይምጣ። ከመጣ ከነገሩ እጄን አነሳለሁ።"

ይሄ ከበደኝ። ጎረቤቶቼ ለአንቺ ሲሉ ዕድሜ ልካቸውን ዝም ይላሉ። በአላህ ስም መማል ግን ሌላ ነው፤ እኔ ለምኜ ሰውን መሐላ ውስጥ አላስገባም። ወደ ቤት ስመለስ ለእናትሽ ነገርኳት። ማድጋውን እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም። "ወደ አጋሮ ላክበት" አለች። "እሱ ወላሂ ቢል አይዋሽም።"

በቡና መኪና ለአባቦራ መልእክት ላክሁ። አባቦራን ታውቂዋለሽ፣ የልጅነት ጓደኛዬን፣ ዘጠኝ ልጅ ያለውን የአጋሮውን ገበሬ። በየአረፋው ማር የሚያመጣልን እሱ ነው። አንቺ ግን ብዙ አላየሽውም። በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ የሰጡትን ይቀምሳል፣ ከትምህርት ቤት ሳትመለሺ ተነስቶ ይሄዳል። "ልጆቹ ደህና ናቸው?" እለዋለሁ፣ "ስምንቱ ደህና ናቸው" ይለኛል። ዘጠነኛውን አልጠይቀውም።

ማክሰኞ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ለምን እንደጠራሁት አልጠየቀኝም። ቀጥታ ቀበሌ ገባን፤ ሙሐመድሳኒ ቀድሞን ቆሟል።

ፈይሳ ስሙን ጻፈና "አባባ፣ ልጅቷን ያውቋታል?" አለው።

"አውቃታለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"እርስዎ ምኗ ነዎት?"

አባቦራ ባርኔጣውን አውልቆ ውኃውን አራገፈ። "የአባቷ ጓደኛ ነኝ" አለ።

ፈይሳ ቅጹ ላይ የተሰካውን ፎቶግራፍሽን አየ። በረዶው ላይ የምትስቂበትን ነው የሰጠሁት፣ ሌላ የለኝም። ፍንጭትሽ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ቀና ብሎ አባቦራን አየ። አባቦራም ፎቶውን አይቶ ኖሮ ፈገግ ብሏል። ፍንጭት ብዙ ሰው አለው። ፈይሳ ፎቶግራፉን ቀስ ብሎ ገለበጠው። ሙሐመድሳኒም አየ፤ ካየ በኋላ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

"ይማሉ?" አለ ፈይሳ፤ ድምፁ ቀነሰ።

"ወላሂ" አለ አባቦራ፣ "ኩልሱም የሱሌይማንና የዘይቡ ልጅ ናት። የሚጠይቃት ሌላ ሰው የለም። ነገም አይኖርም።"

እንደ እኔው ፊደል አያውቅም። ጣቱን ቀለሙ ላይ አድርጎ ሲያትም አንዴ ተበላሸበት። ሁለተኛው ጥሩ ወጣ። ከሥሩ እኔ አተምኩ። ሁለቱ ጣቶች አንድ ወረቀት ላይ ናቸው፤ ፈይሳ ማኅተሙን መታበት፣ አለቀ።

(ልጄ፣ እኔ እናትሽ ነኝ። ይህን እሱ አላለም። ስለዚያ ቀን ሊነግረኝ ቤት ሲገባ ጣቱን እንዲታጠብ ውኃ ሰጠሁት፤ ቀለሙን አላጥብም አለ። እስከ ማታ ጣቱ ቀለም እንደያዘ ነበር።)

አሁን እንግዲህ ከእኔ በኋላ ግብሩን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። እንኳን ደስ ያለሽ! ሰው ለልጁ መሬት ያወርሳል፣ ቡና ያወርሳል፤ እኔ ሦስት ክፍልና አንድ በግድ ክፍል የተባለ በረንዳ ከነግብሩ።

ሙሐመድሳኒ አረፋ ዕለት መጣ። ደጅ ላይ ቆመ፣ አልገባም። እናትሽ ወጥታ "ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው፣ ምን ትገተራለህ?" ስትለው ገባ፤ እጄን ሳመ። ያን ነገር አላነሳንም። ሁለቱ ትልልቆቹ ልጆቹ የሚያጠኑበት ቦታ የላቸውም። የጎኑን ክፍል ልሰጣቸው አስቤ አፌ ላይ ሲደርስ መለስኩት። ልጅ መብት አለው ብለው አንድ ክረምት ሙሉ ሲያስተምሩኝ ከርመው አንቺን ሳልጠይቅ እንዴት እሰጣለሁ? ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። እሺ ካልሽ ይገባሉ። እምቢ ካልሽም ቤቱ የአንቺ ነው፤ አልቆጣም። ትንሽ እቆጣ ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። አባቦራ የዚያን ዕለት ከቀበሌ ስንወጣ ቤት ግባ ብለው አልገባም አለ፤ የመኪናው ሰዓት ደረሰ አለኝ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። መኪናው ላይ አንድ እግሩን አውጥቶ ዞረና፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለ አንቺ ጠይቆኝ የማያውቀው ሰው፣ "ሱሌይማን፣ ያ በረዶ አይጎዳትም?" አለኝ።

"እጠይቃታለሁ" አልኩት።

እንግዲህ ጠየቅሁሽ። በረዶው ይጎዳሻል? ጫማሽ ወፍራም ነው? መልሱን ከእኛ ደብዳቤ ጋር አታቀላቅዪው። ለብቻው በሌላ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ አጋሮ እልከዋለሁ። ረዘም አድርጊው። የሚያነብለት ልጅ አያጣም፤ ስምንት አለው።

አላህ ከብርድ፣ ከክፉ ሰውና ከክፉ ዕጣ ይጠብቅሽ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ይዳን። በሄድሽበት መንገድ በደህና ይመልስሽ፤ በሩን የምከፍትልሽ እኔን ያድርገኝ።

አባትሽ ሱሌይማን፣ አናጺው። ጣቴን ከዚህ በታች አድርጌያለሁ።

በይ ዘይቡ፣ አሁን አንብቢልኝ፣ ቀስ ብለሽ። የአባቦራ ነገር ጋ ስትደርሺ ሁለት ጊዜ አንብቢ፤ ያላልኩት ነገር ገብቶ እንደሆነ ልስማ።